ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ?

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጎንደር የምማር የሕፃናት ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) ነኝ። ዋርድ (የተኙ ሕመምተኞች ክፍል) ስሆን በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር እንደያዝኩ ይታወቀኛል። ተመላላሽ ክፍል ስመደብ ግን ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ጉንፋን ነው። ሲኒየሮቻችን ስንጠራቸው ይመጣሉ፤ ሰልፉ ግን ለማንም ጊዜ አይሰጥም። ማታ ደክሞኝ ስገባ ምን ተማርኩ ብል መልስ የለኝም። ከተመላላሽ ክፍሉ፣ ከኦፒዲ፣ ምን ልማር? እንዴትስ ልማር? ለፈተናስ ይጠቅመኛል?»

ውድ ዶክተር፣

ጥያቄሽን ብዙ ሬዚደንቶች በሆዳቸው ይዘውት ይዞራሉ። አንቺ ስላወጣሽው ደስ ብሎኛል። ስለ ፈተናው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ዋርድ ለምን እንደሚያስተምርሽ እንይ።

ዋርድ የሚያስተምርሽ በሽታው ስለሚከብድ ብቻ አይደለም። ማታ ያዘዝሽው መድኃኒት ጠዋት ራውንድ ላይ መልስ ይሰጥሻል። ትኩሳቱ ወርዷል ወይስ አልወረደም? ልጁ ጡት ያዘ ወይስ አልያዘም? ግምትሽ ትክክል ከነበረ ታውቂያለሽ፣ ካልነበረም ታውቂያለሽ። ተመላላሽ ክፍል ላይ ይህ የለም። ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ከበሩ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግርሽ የለም። ያልተመለሰው ስለዳነ ይሁን፣ ስለባሰበት ይሁን፣ የመሳፈሪያ ስለጠፋ ይሁን በምን ታውቂያለሽ? ቀኑን ሙሉ ስትገምቺ ውለሽ የአንዱንም ግምት መልስ ሳትሰሚ ትገቢያለሽ። ትምህርቱ የሚያመልጥሽ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የምልሽ ነገር ባጭሩ አንድ ነው። ካየሻቸው ልጆች የጥቂቶቹን መጨረሻ የምታውቂበትን መንገድ ራስሽ አበጂ። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በሌላ አገር ይህን በደንብ አስረው ይዘውታል። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ሦስቱን ዓመት ሙሉ የራሱ የሚላቸው ልጆች አሉት። ለብዙ ዓመታት የቆየው ደንብ በዓመት ቢያንስ 36 የግማሽ ቀን ክሊኒክ ሲጠይቅ ኖሯል። ሬዚደንቱ ጨቅላ ክፍል ይሁን ድንገተኛ ይመደብ፣ ያቺ ግማሽ ቀን ስትደርስ ወደ ክሊኒኩ ይመለሳል። በአንደኛ ዓመቱ በ2 ወሩ ያየውን ልጅ በሦስተኛ ዓመቱ ሲሮጥ ያየዋል። የእነሱን ሥርዓት እንዳለ እዚህ አምጥቶ መትከል አይቻልም። የእነሱ የሕመምተኛ ብዛትና የእኛ አይገናኝም። ሐሳቡን መውሰድ ግን ማንም አይከለክልሽም።

ደግሞ ጎንደር ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) በቡድን ሆነው በዙሪያው ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ወጥተው ነበር የሚሠለጥኑት። ሕመምተኛው የሚኖርበትን ቤት፣ የሚጠጣበትን ውኃ እያዩ ተማሩ። ከአልጋ ውጭ ማስተማር እዚህ ከተማ ላይ ሥር ያለው ነገር ነው።

አሁን «ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ እንደገና ጉንፋን» ወዳልሽው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከርሽ። የጎንደር ጠዋት ይቀዘቅዛል። ልጁ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ከላይ ሹራቡን ከፍ አድርገሽ ስቴቶስኮፑን ታስገቢና ታዳምጫለሽ። ደረቱን ግን አላየሽውም። ሙሉ በሙሉ ግለጪው። እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሳያለቅስ፣ ሳትነኪው፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሪ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ቁጥሩን ከኢንተርንነትሽ ጀምሮ በቃልሽ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ካየሻቸው መካከል የስንቱን ልጅ ቆጠርሽ? ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ የስንቱን አየሽ? አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም ብሎ አንድ ሕፃን ደረት ማየት ሰልፍ ባለበት ክፍል በጣም ረጅም ጊዜ ነው። ከጉንፋን መካከል ሳንባ ምቹን የምታወጪው ግን በዚያች ደቂቃ ነው። የመቶ ጤነኛ ልጆችን ትንፋሽ ያላየ ሐኪም የታመመውን ትንፋሽ ከሩቅ አይለይም። ያን ያህል ጤነኛ ልጅ ደግሞ ዋርድ ውስጥ አታገኚም።

ሌላው ዋርድ ውስጥ የማታገኚው ነገር እናትየዋ በራሷ ቋንቋ የምትነግርሽ ታሪክ ነው። ዋርድ ሲደርስ ታሪኩን ሦስት ሰው ጠይቆት፣ ተስተካክሎና ተላልጦ ነው የምታገኚው። ኦፒዲ ላይ ግን «ምች መታው»፣ «እንጥሉ ወርዶበት ነው»፣ «ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው የሚያስቀምጠው» እያለች ከምንጩ ትነግርሻለች። እንጥል ያስቆረጠችን እናት አትቆጪ። ከተቆጣሻት በሚቀጥለው ልጇ ላይም ታስቆርጣለች፤ ልዩነቱ ያኔ ደብቃሽ መሆኑ ነው። ማን ቆረጠው፣ መቼ፣ በምን፣ ደም ፈስሶት ነበር ወይ፣ ከዚያ ወዲህ ጡት ይይዛል ወይ ብለሽ እንደማንኛውም ታሪክ ጠይቂ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካልተሻለው መጠኑን ከመጨመርሽ በፊት ጸበል ሄዶ እንደነበር፣ እዚያ ሳለም መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነ ለስለስ ብለሽ ጠይቂ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መያዝ እንደሚቻል ንገሪያት። የሚጥል በሽታው መድኃኒት ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ እንደሚመለስ ግን በደንብ ይግባት።

የምግቡን ነገርም እዚሁ ላንሳው፤ ጎንደር ላይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ትንንሽ ልጆች እንዲጾሙ ቤተ ክርስቲያን አታዝም፤ እናትየዋም ይህን ታውቃለች። ችግሩ ያለው ድስቱ ላይ ነው። ቤቱ በሙሉ ሲጾም የጾሙ ዕቃ በፍስክ እንዲነካባት አትፈልግም። «እንቁላል ስጪው» ብለሽ ብታዢያት «እሺ» ብላ ትሄዳለች። አትሰጠውም፤ ለአንቺ ደግሞ አትነግርሽም። «ለእሱ ብቻ የምትለዪለት ትንሽ ድስትና ማንኪያ አለሽ ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሻት ግን ወሬው ይቀየራል። አለኝ ትላለች፣ ወይም የጎረቤት ታስባለች፣ ወይም በጾሙ ወቅት ሽሮው ላይ ባቄላና ዘይት ስለመጨመር ትነጋገራላችሁ። ሰርቷል አልሰራም የሚለውን ደግሞ ሚዛኑ ይነግርሻል፤ ልጁ ከተመለሰ። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ፣ ፕላምፒ ነት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚሰጥ የለውዝ ምግብ) ተሰጥቶት፣ ሳምንት ቆይቶ ክብደት ያልጨመረ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ቤት ውስጥ ሌሎች ትንንሽ ልጆች አሉ?» ይሁን። ያንን ጣፋጭ ነገር አንድ ልጅ ሲበላ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ ብለሽ ታስቢያለሽ? እናት ለሁሉም ታካፍላለች። ይህን የምትማሪው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚታይሽ የክንዱ ልክ ብቻ ነው።

እንዴት ልማር ላልሽው አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ።

አንድ ደብተር ያዢ። በዚህ ወር ካየሻቸው ልጆች ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑትን ምረጪ። ከዚያ በላይ አትያዢ፤ አትችዪውም። ሁሉም የከበዱ አይሁኑ። አስም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይዟት ሕመሙ እንዳያገረሽባት በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጋ፣ የምግብ እጥረት ያለበት፣ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ፣ መናገር የዘገየበት፣ አንድ ሁለት ደግሞ ምንም የሌለባቸው ለክትባት የመጡ። እያንዳንዳቸው ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ምን መሰለኝ፣ ለምን መሰለኝ፣ ልክ ከሆንኩ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን አያለሁ። ሦስተኛዋን አትዝለያት። ግምትሽን አስቀድመሽ ካልጻፍሽው ልጁ ሲመለስ «ይሄንን እኮ ጠርጥሬው ነበር» ማለትሽ አይቀርም። ሁላችንም እንላለን። የልጁን ስም ደብተሩ ላይ አትጻፊ፤ የካርድ ቁጥሩ ይበቃል። ደብተሩም ከአንቺ እጅ አይውጣ።

ቀጠሮ ስትሰጪ ከእናትየዋ ጋር ተማከሪ። ካርዱ ላይ ቀን ጽፎ መስጠት ብቻውን ቀጠሮ አይሆንም። ከዳባት ወይም ከአይከል የምትመጣ እናት አዝመራ ሲሰበሰብ ብትቀጥሪያት አትመጣም። ገጠር ላይ ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው በበዓሉ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም። «በማርያም ማግስት» ብትያት ካርዱ ቢጠፋባት እንኳ ቀኑ አይጠፋባትም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቤንዛቲን የምትወጋውን ልጅ በየወሩ በማርያም ማግስት ከቀጠርሻት በ30 ቀን ትመጣለች፤ ከ4 ሳምንት በሁለት ቀን ያልፋል። ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገር ደግሞ ጳጉሜን መሐል ስለምትገባ ከነሐሴ 22 እስከ መስከረም 22 ሙሉ 35 ቀን ይሆናል። በክረምት ማብቂያ፣ ብርድና የጉሮሮ ሕመም ባለበት ጊዜ፣ ልብ የታመመች ልጅን ሳምንት ሙሉ ያለ መከላከያ ትተሻታል ማለት ነው። የቀደመ ቀን የሚጠቁም በዓል ፈልጊላት። የነሐሴውን መርፌ ከወሰደች በኋላ የሚቀጥለውን ለመስከረም 12፣ ለሚካኤል፣ ማምጣት ትችያለሽ። 25 ቀን ነው፤ ከመዘግየት መቅደም ይሻላል። እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ አይነግርሽም። ከቀረች ልጅ ነው የምትማሪው።

ስልክም ተጠቀሚ። ዛሬ ብዙ ቤት ስልክ አለ። አስፈቅደሽ ቁጥር ተቀበይ፣ በ3ኛው ቀን ደውዪ። ግን ስልኩ ብዙ ጊዜ የአባት ነው፤ ልጁ ስንቴ እንዳስቀመጠው የምታውቀው እናት ናት። ማታ እቤት ሲሆኑ ደውለሽ «እስቲ እናቱን ያገናኙኝ» በይ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሪፈር ተጽፎለት ለመጣ ልጅ ደግሞ የሪፈሩን መልስ ጽፈሽ ላኪ። ጤና ጣቢያ ላይ ሆኖ የላከው ባለሙያ ልክ እንዳንቺው መጨረሻውን ሳያውቅ ነው የሚቀረው። ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ተደረገለት፣ አንተ ዘንድ ሲመጣ ምን ተመልከትለት።

መጨረሻን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከራሳችን አካባቢ አንድ ነገር ልጥቀስልሽ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ትኩሳቱ የማይለቅ በሽታ ተነሣ። አካባቢው የወባ አገር ነውና መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ኋላ ላይ ሲመረመር ካላዛር (ጣፊያን የሚያሳብጥ የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ) ሆኖ ተገኘ። ከታመሙት ውስጥ ልጆችም ነበሩበት። ከዚያ በፊት ካላዛር በእኛ በኩል የመተማና የሁመራ ቆላ፣ የሰሊጥ እርሻ ጣጣ ተደርጎ ነበር የሚታየው። አንድ ልጅ በተለያየ ቀን በተለያየ ሐኪም ሲታይ ለእያንዳንዱ ሐኪም አዲስ ትኩሳት ነው። ያው ሐኪም ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየው ግን እጁ ወደ ጣፊያው ይሄዳል። ዛሬም ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ይዞ የመጣ ልጅ ካለሽ የት እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ክረምቱን የት እንደከረመ፣ አባቱ ለሥራ ወዴት እንደሚወርድ፣ ልጁም አብሮ ወርዶ እንደሆነ ጠይቂ።

ስለ ሲኒየሮች ያነሳሽውን ላንሳ። ሰልፍ ባለበት ክፍል ረጅም ማስተማር አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን የቤተሰብ ሐኪሞች ያሳተሙት አምስት ደቂቃ የማትሞላ የማስተማሪያ ዘዴ አለ። የእኔ ምርጫ ናት። እንዲህ ትሄዳለች። አንቺ «የ14 ወር ወንድ ልጅ፣ ሳልና ትኩሳት ከጀመረው 3 ቀኑ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 52» ትያለሽ። ሲኒየሩ መልሱን ከመንገሩ በፊት «ምን ይመስልሻል?» ይላል። «ሳንባ ምች።» «ለምን? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» «ትንፋሹ ፈጣን ነው። ግን ስሰማው ሲር ሲር ይላል፤ ከዚህ በፊትም ሁለቴ እንዲህ ሆኖ ነበር።» ከዚያ እሱ አንድ ሕግ ብቻ ይሰጥሻል፦ «ሲር ሲር የሚል ልጅ ላይ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ ማስፋፊያ) ሰጥተሽ ትንፋሹን እንደገና ሳትቆጥሪ አንቲባዮቲክ አትጻፊ።» ጥሩ ያደረግሽውን ይነግርሻል፤ የቀድሞውን ታሪክ መጠየቅሽን። የሚታረመውንም ይነግርሻል፤ ልጁ እያለቀሰ መቁጠርሽን። አለቀ። ወደ ሰልፉ ትመለሻለሽ።

ሲኒየርሽ ይህን ዘዴ ባያውቀው እንኳ አንቺ ልታስጀምሪው ትችያለሽ። «ዶክተር፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ አትግቢ። «ይህ ይመስለኛል፣ በዚህ ምክንያት፣ ያላረካኝ ግን ይህ ነው» ብለሽ ግቢ። እንዲህ የሚጠየቅ ሲኒየር ሳያስተምር አይወጣም። ሲመቸው ደግሞ አንድ ልጅ ስታዪ ከጥግ ቁጭ ብሎ እንዲያይሽ ለምኚው። እናትየዋን ስታናግሪ፣ መድኃኒቱን ስታስረጂ። ባዶ ሃይላንድ ቀዶ ለአስም መንፊያው እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማሳየት ቀላል ይመስላል። ካሳየሻት በኋላ «አሁን አንቺ አሳዪኝ» ብለሽ ነው የሰጠሻት ወይስ «ገባሽ አይደል?» ብለሽ? ለሁለተኛው ሁሉም እናት «አዎ» ነው የምትለው። ይህን ራስሽን ሆነሽ አታዪውም፤ የሚያይሽ ሰው ያስፈልጋል።

ከተመረቅሽ በኋላ ምናልባት ደባርቅ ወይም መተማ፣ ወይም ጭራሽ ሌላ ክልል ትመደቢያለሽ። እዚያ ከሚጠብቅሽ ልጅ ብዙው በእግሩ ገብቶ በእግሩ የሚወጣ ነው። አልጋ ይያዝ ወይስ ቤቱ ይሂድ የሚለውን አንቺ ብቻሽን ትወስኛለሽ። ያን ውሳኔ የምትለማመጂው አሁን፣ የምትጠይቂው ሰው በአጠገብሽ እያለ ነው።

ፈተናውን በተመለከተ፣ አዎ ይጠቅምሻል። ክሊኒካል ፈተና ላይ የሚቀርቡልሽ ልጆች ብዙዎቹ ሥር የሰደደ ሕመም ያላቸው፣ በቀጠሮ የሚመላለሱ ናቸው፤ የልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የዕድገት መዘግየት። ፈታኙ «ከዚህ በኋላስ ምን ትከታተያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ያነበበ ብቻና የተከታተለ ሰው ወዲያው ይለያያሉ።

ከክፍልሽ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ሌላ ቦታ ስትመደቢም በሳምንት አንድ ከሰዓት ደብተርሽ ላይ ያሉትን ልጆች ለማየት ወደ ክሊኒኩ እንድትመለሺ ይፈቀድልሽ። ብቻሽን አትጠይቂ። ከአንድ ጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ፣ አንዷ ስትሄድ አንዷ ቦታዋን እንድትሸፍን ተስማምታችሁ ግቡ። ሽፋኑ ካልተያዘ እሺ የሚልሽ የለም፣ ልክም አይሆንም። በየሳምንቱ ካልተቻለ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን። የቤንዛቲኗን ልጅ ቀን ግን ከዚህ ጋር አታያይዢው፤ እሷ አንቺ ኖርሽም አልኖርሽም በቀኗ ትወጋ።